ከታች የተቆረጠው አንቀጽ

ሰኞ፣ በወሩ 3ኛ ቀን

የዚህ ወር ጽሑፎች ዛሬ ደረሱኝ፤ ዐሥራ አራት ገጽ ናቸው። ዋና አዘጋጁ በወረቀት አትሞ የሚሰጠኝ ለእኔ ሲል ነው፤ በእርሳስ እንጂ በኮምፒዩተር ማረም እንደማልወድ ያውቃል። ጋዜጣ ላይ በሠራሁበት ዘመን በእኔ ሥር ጀማሪ ዘጋቢ ነበረ። የዛሬ ስድስት ወር መንገድ ላይ አገኘኝና፣ «ጋሼ፣ ቤት ተቀምጠው ግድግዳ ከሚያርሙ ለምን የእኛን መጽሔት አያርሙልንም?» አለኝ። መጽሔቱ አዲስ በወጡ የቪዲዮ ጌሞች ላይ ፍርድ የሚሰጥ ነው። አርባ አንድ ዓመት አዋጅና የሐዘን መግለጫ ሳርም የኖርሁ ሰው፣ አሁን የጌም ፍርድ አርማለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ልጄም አታውቅም።

ከገምጋሚዎቹ አንዱን «አውራ ጣት» ይሉታል። ሁለቱ አውራ ጣቶቹ ባዶ ጠረጴዛ ላይ እንኳ ዕረፍት ስለሌላቸው ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም ነው። ስለ አንድ የእግር ኳስ ጌም «ያው የአምናው ነው፤ ማሊያ ቀይሮ መጣ» ብሎ ከዐሥር አራት ሰጥቶታል። ስለ አንድ የጦርነት ጌም ደግሞ «ሦስት መቶ ሰው ገደልሁ፤ አንዱም ትዝ አይለኝም» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር አልነካሁትም። «ግራፊክሱ ይገላል» የሚለውን ግን አስምሬበት፣ በኅዳጉ ላይ «ማንን?» ብዬ ጠይቄአለሁ።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ማንም አልመጣም።

ሐሙስ፣ 6ኛ ቀን

ጽሑፎቹን መለስሁ። አውራ ጣት የኅዳጉን ጥያቄ አንብቦ ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ከማንኛውም ጌም ይከብዳሉ። እርስዎን አልፎ ማተሚያ ቤት የደረሰ ቃል ሜዳሊያ ይገባዋል።»

እንደ ምስጋና ተቀበልሁት። ስድስት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይሠራሉ፤ አንዱ የጀመረውን ቀልድ ሌላው ይጨርሰዋል። ወንበር አመጡልኝ። ለመቀመጥ የሚያበቃ ምክንያት ስላልነበረኝ አመስግኜ ወጣሁ።

እሑድ፣ 9ኛ ቀን

ልጄ እንደ ልማዷ በአራት ሰዓት ደወለች።

«አባባ፣ ደህና ነዎት? መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«እኛ ጋ ሥራ በዝቷል። አራት ዓመት የለፋንበት በዚህ ወር ሊወጣ ነው።»

«ይቅናችሁ» አልኋት።

ምን እንደሚባል ልጠይቃት አስቤ ነበር። ጥያቄውን እስካሰካካ ድረስ ዘገየሁና፣ «በሉ እንግዲህ፣ ይጠንቀቁ» ብላ ተሰናበተችኝ። ጠቅላላው አራት ደቂቃ አይሞላም።

ልጄ የቋንቋ መምህርት ነበረች። ጽሕፈት ያስተማርኋት እኔ ነኝ። አንዲት ገጽ እስክትቃና ድረስ ዐሥራ አንድ ጊዜ አስጽፌአት አውቃለሁ፤ ስታለቅስም ትጽፍ ነበር። ውጤቱ ታይቷል፤ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። የዛሬ አራት ዓመት ማስተማሩን ትታ፣ ከስድስት ጓደኞቿ ጋር ጌም ልትሠራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ሻንጣዋን እያሰረች ሳለ፣ «ጨዋታ ሥራ አይደለም፤ ሥራ የጠላ ሰው ሰበብ ነው» አልኋት። በዓረፍተ ነገሩ ላይ የሚታረም አልነበረም። ዛሬ በጨዋታ ፍርድ ላይ ጎንበስ ብዬ እንደምውል ልነግራት የማልችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እናቷ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ስልኩን ከእጄ ትቀማኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ 11ኛ ቀን

ጥድፊያ። በመጨረሻው ሰዓት ማስታወቂያ መጣ፤ ግማሽ ገጽ ወሰደ። የአውራ ጣት ጽሑፍ ስድስት መቶ አርባ ቃል፤ የተረፈው ቦታ አራት መቶ። እርሱ በትኩሳት ተኝቷል፤ ስልኩ ዝግ ነው። ዋና አዘጋጁ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁበታል። ማተሚያ ቤቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈልገዋል።» ቆረጥሁ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲል ጨረስሁ። እጄ እንደ ድሮው ነው።

ረቡዕ፣ 12ኛ ቀን

ትናንት ቸኩዬ ያለፍሁትን ዛሬ ልጻፈው።

በጋዜጣ ቤት ያደግን ሰዎች ጽሑፍ የምንቆርጠው ከታች ነው። ዜና ዋናውን ነገር ከላይ ይዞ ይወለዳል፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ቦታ ሲጠብ ጅራቱን መቁረጥ ነው፤ የሚቆረጠውን ማንበብ እንኳ አያስፈልግም። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ጅራቱ በመቆረጡ የሞተ ዜና አላየሁም።

ጌሙ «እንደገና» ይባላል። ተጫዋቹ አንዲት ልጅ ሆኖ በአንድ ሽማግሌ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ አንሶላ ይሰቅላል፣ እርሳስ ይቀርፃል፣ ጠረጴዛ ያሰናዳል። ሽማግሌው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ሥራው ባለቀ ቁጥር «እንደገና» ይላል። አምስት ሰዓት ሙሉ ከዚህ ቃል በቀር አይወጣውም። አውራ ጣት «እጄ ዛለ፤ እየተሰደብሁ መሰለኝና ልተወው ተነሣሁ» ብሏል። አልፈርድበትም። ሠሪዎቹ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ የት እንዳዩት እንጃ።

ከታች ያሉትን ሦስት አንቀጾች ካወጣሁ በኋላ፣ ከርእሱ ሥር የተጻፈው ቁጥር ስምንት መሆኑን አየሁ። ጽሑፉ ወቀሳ፣ ቁጥሩ ሙገሳ። በኅዳጉ «ቁጥሩ ከጽሑፉ ጋር አይስማማም» ብዬ ጻፍሁ። ዋና አዘጋጁ አየት አድርጎ፣ «እውነትዎን ነው፤ ትኩሳት ላይ ሆኖ ጽፎት ይሆናል» አለና አምስት አደረገው። ቁጥሩን የቀየርሁት እኔ አይደለሁም። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ማን እንዲያውቅልኝ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሰኞ፣ 17ኛ ቀን

የሚታረም ነገር የለም። በመድኃኒቴ ካርቶን ውስጥ ያለውን ወረቀት አነበብሁ፤ አራት ስሕተት አገኘሁበት። ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፍሁ። አልላክሁትም።

ዐርብ፣ 21ኛ ቀን

መጽሔቱ ወጣ። ይዤው ስገባ ከቤቴ ሥር የሚሠራው ልብስ ሰፊ አየኝ። መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ፣

«አባቴ፣ ለልጅ ልጅዎ ነው?»

«የልጅ ልጅ የለኝም።»

«ታዲያ ለማን?»

«ለራሴ።»

«እሰይ! እኔም ብስክሌት ልጀምር ነው» አለ። ደንበኛው ሳቀ። እኔም ደረጃውን እስክጨርስ ድረስ ፊቴን አላኮሳተርሁም።

ቅዳሜ፣ 22ኛ ቀን

አውራ ጣት ቤቴ ድረስ መጣ። ሳሉ ገና አልለቀቀውም።

«ጋሼ፣ የጽሑፌን መጨረሻ ማነው የበላው?»

«እኔ ነኝ። ቦታ አልነበረም።»

«ከታች ቆረጡት?»

«ጽሑፍ የሚቆረጠው ከታች ነው።»

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ጋሼ፣ የእኛ ጽሑፍ እኮ ጭንቅላቱ ከታች ነው! እንደ እናንተ ዜና አይደለም። መጀመሪያ መሰልቸቴን ነው የጻፍኩት፤ ልክ ነው፣ አምስት ሰዓት ሰልችቶኛል። ስድስተኛው ሰዓት ላይ ግን ሽማግሌው አንድ ነገር ይናገራል። እሱን ሲሰሙ ያ ሁሉ ሰዓት ሌላ ሆኖ ያገኙታል። እኔ አልቅሻለሁ፤ ጆይስቲኩን እንደያዝኩ! ስምንት የሰጠሁት ለዛ ነው። እርስዎ ደግሞ የጣሉት እሱን ነው።»

ሽማግሌው ምን እንደሚናገር ልጠይቀው ከአፌ ጫፍ ደርሶ ነበር። በምትኩ፣ «የስምንቱን ምክንያት ከመጀመሪያው አንቀጽ ማስቀደም ነበረብህ» አልሁት።

«እሺ ጋሼ» አለ። ያቀረብሁለትን ሻይ ሳይነካው ሄደ። ከመናደዱ ይልቅ «እሺ» ማለቱ ከበደኝ።

አመሻሹ ላይ ዋና አዘጋጁ ደወለ። «ጋሼ፣ ሐሳብ አይግባዎት፤ የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው እንላለን። ማተሚያ ቤት አፍ የለውም።»

አልተቃወምሁም።

እሑድ፣ 23ኛ ቀን

«አባባ፣ ዛሬ ብዙ አላወራም» አለች ልጄ።

«ታመምሽ?»

«አይ። ሥራችን ወጣ። ወጣና ወደቀ።»

ድምፅዋ ሻክሯል። የሚያጽናና ቃል ስፈልግ ቀጠለች።

«አንድ መጽሔት አለ፣ እርስዎ አያውቁትም። አከፋፋዩ የሚያየው እሱን ነው። ከሰባት በታች ያገኘውን አይነካውም። እኛን አምስት ሰጡን። ጽሑፉ ደግሞ... መጨረሻውን ሳይጫወቱ ነው የፈረዱብን፣ አባባ። እስከ መጨረሻው ተጫውቶ እንዲህ የሚጽፍ ሰው የለም።»

«ምን ይባላል?»

«መጽሔቱ?»

«ሥራሽ።»

በአራት ዓመት ውስጥ ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ነው። ስሙን ነገረችኝ።

ወንበሩን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥሁ። ሰባት ሰዎች መሆናቸውን፣ አከፋፋዩ ካልተቀበላቸው እንደሚበተኑ፣ ሽማግሌውን የጻፈችው እርሷ መሆኗን ነገረችኝ። እኔም «አይዞሽ» አልኋት። የማውቀውን ሁሉ ይዤ፣ «አይዞሽ» አልሁ!

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በእርሳስ የቆረጥሁትን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ። ሦስቱን አንቀጾች ያነበብኋቸው ዛሬ ነው። ሽማግሌው ምን እንደሚል አውራ ጣት አልጻፈውም፤ «ተጫዋቹ ራሱ ይድረስበት» ብሏል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ይህን ጌም የሠሩት ሰዎች አንድን ከባድ ሰው ሊጠሉት ለብዙ ዘመን ሞክረው ያቃታቸው ይመስለኛል።»

እርማት አላስፈለገውም።

ሰኞ፣ 24ኛ ቀን

ቢሮው ሳይከፈት ደረስሁ። በር ላይ ጠበቅሁ። ዋና አዘጋጁን ገና ቁልፉን ሳያወጣ ያዝሁት፦ ሙሉው ጽሑፍና ስምንቱ ዛሬውኑ በድረ ገጹ ይውጡ፤ በሚቀጥለው እትም ደግሞ እርማት ይታተም።

«ጋሼ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል እኮ። አከፋፋዮቹ አይተው ጨርሰዋል።»

«ይጩኽ።»

«እሺ፤ የማተሚያ ቤት ስሕተት...»

«የአራሚው ስሕተት ነው። ስሜ ይጻፍ።»

«አራሚ ስም የለውም፤ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?»

«የዛሬው አለው።»

ለምን እንደጸናሁ አልገባውም። ጌሙ የልጄ ሥራ መሆኑን አልነገርሁትም። ብነግረው ለልጁ አደላ ይባልና እርማቱ ይረክሳል። ነገሩ ትክክል ነው። ደግሞም ቅዳሜ ዕለት ዝም ያልሁት የማላውቃቸው ሰዎች ሥራ መስሎኝ እንደነበረ እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም።

ረቡዕ፣ 26ኛ ቀን

ደወልሁላት። ከእሑድ በቀር ተደዋውለን ስለማናውቅ ያነሣችው «ምን ሆኑ?» እያለች ነው።

«ምንም አልሆንሁም። ጽሑፉን ከታች የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩንም በእኔ አስተያየት ነው የቀነሱት። ገምጋሚው ስምንት ሰጥቷችሁ ነበር።»

«እርስዎ? የጌም መጽሔት?»

«ስድስት ወር ሆነኝ።»

የሳቅ ይሁን የልቅሶ መጀመሪያ ያልለየሁት ድምፅ ሰማሁ። «ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝም» አልሁ።

ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ፣ «አልጠየቅኩዎትም።» ከዚያም ጤናዬን ጠይቃ፣ መድኃኒቴን አስታውሳ፣ በትሕትና ተሰናበተችኝ። ብትጮኽብኝ ይሻል ነበር።

እሑድ፣ 30ኛ ቀን

አልደወለችም።

እስከ ሰባት ሰዓት ከስልኩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ምናልባት ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ወርጄ ልብስ ሰፊውን እንዲደውልልኝ ጠየቅሁት። ደወለ። ኪሴ ውስጥ ጠራ።

«ይሠራል፣ አባቴ» አለኝ። ዛሬ አልቀለደም።

ሐሙስ፣ በአዲሱ ወር 4ኛ ቀን

አውራ ጣት መጣ፤ እትሙ ሳይደርስ በድረ ገጹ የወጣውን እርማት በስልኩ አሳየኝ። ሦስት መሥመር ነው፤ ስሜ በሁለተኛው መሥመር ላይ ሰፍሯል። አርባ አንድ ዓመት ሥራዬ ሲታተም ስሜ የወጣው ይኸው ዛሬ ነው።

«ጋሼ፣ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አላየሁም» አለኝ።

ምስጋናውን የሚገባው ሰው እንዳልሆንሁ ልነግረው ፈለግሁ፤ ማስረዳቱ ረጅም ሆነብኝ። በምትኩ፣ «ጌሙን ልታስጀምረኝ ትችላለህ?» አልሁት። አውራ ጣቶቹ እንኳ ቆሙ። ከዚያ ሮጦ ሄዶ ከቤቱ ማጫወቻውን አምጥቶ ከቴሌቪዥኔ ጋር አገናኘልኝ። ይህን ጊዜ ሻዩን ጠጣ።

ቅዳሜ፣ 6ኛ ቀን

ሁለት ቀን ሙሉ ተጫወትሁ። ልጅቷን ግድግዳ ለግድግዳ አስኬድኋት። ባልዲ ደፋሁ። አንድ እርሳስ ለመቅረፅ አርባ ደቂቃ ፈጀሁ። ሽማግሌው በየጊዜው ያችኑ ቃል ይላል። ወንበሩ ለመስኮቱ ጀርባውን የሰጠ ነው፤ የእኔ ወንበር እንደሚቀመጠው። ሳይቆጣ ነው የሚናገረው። ቢቆጣ መልስ እሰጠው ነበር። ሳይቆጣ መናገር እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ስድስተኛው ሰዓት ሩቅ ነው። በእኔ አካሄድ ሳምንታት ይፈጅብኛል።

እሑድ፣ 7ኛ ቀን

አራት ሰዓት አለፈ። አምስትም አለፈ። ምሳዬን በልቼ ወደ ጌሙ ተመለስሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ።

«አባባ።»

«አቤት።»

«እርማቱን አየሁት። ስምዎን አወጡት።»

«አወጣሁት።»

«አከፋፋዩ ግን አይሆንም ብሏል። የዚህ ዓመት ዝርዝራቸው ተዘግቷል። ከሰባታችን ሦስቱ ሌላ ሥራ ይዘዋል።» ትንፋሿን ሳበች። «እኛ አራታችን እንቀጥላለን። በራሳችን እንሸጠዋለን። ይህንን አይወዱትም፤ አውቃለሁ።»

«ቀጥዪ» አልኋት።

ሌላ የምለው አለ ብላ ጠበቀች። አልነበረም።

«ያ ድምፅ ምንድን ነው?» አለች በመጨረሻ።

ቴሌቪዥኑን መቀነስ ረስቼዋለሁ። ሙዚቃውን የማታውቀው ልትሆን አትችልም።

«አንሶላ እየሰቀልሁ ነው።»

እስክትመልስ ድረስ ገመዱ ሁለት ጊዜ በነፋስ ተወዛወዘ።

«የትኛውን?»

«ሁለተኛውን። ጫፉ እየሾለከ ይወድቅብኛል።»

«እየተጫኑት ነዋ! የግራ አውራ ጣትዎን ላላ ያድርጉት። ላላ... ኧረ አይልቀቁት!»

ወደቀ። ሽማግሌው ቃሉን ተናገረ፤ ሁለታችንም ሰማነው።

«መጨረሻውን ልንገርዎት?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሰለቻሉ። ብዙ ሰው እዛ አይደርስም።»

«አትንገሪኝ። እደርስበታለሁ።»

ለመሰናበት የምትለውን ቃል ጠበቅሁ፤ አላለችውም። ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። በእርሷ በኩል ውሃ ሲንቆረቆር፣ መስኮት ሲዘጋ፣ ወንበር ሲሳብ ይሰማኛል። በየመካከሉ «አሁንስ?» ትላለች። «ገና ነኝ» እላለሁ። አንድ ጊዜ «ደርቋል?» አልሁ፤ «አይደርቅም እኮ፣ አባባ፤ ጌም ነው» ብላ ሳቀች፤ በዚህ ጊዜ ሳቅ መሆኑን ለየሁት።

ስልኩ የተዘጋው ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያን ሁሉ ጊዜ ከሃያ ዓረፍተ ነገር በላይ የተነጋገርን አይመስለኝም፤ ከነዚያም አብዛኞቹ ያልተሟሉ ነበሩ።